የአእምሮ ሕክምና ካርዶች ይነበቡ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የአእምሮ ሕክምና መዛግብት ጥራት የሚገመገምበት አሠራር እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው የሥራ ኃላፊዎች፣

እኔ በባሕር ዳር ከተማ በአእምሮ ጤና ሙያ የማገለግልና የሕሙማንን ካርድ ጥራት በሚገመግሙ ቡድኖች ውስጥ የተሳተፍሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ በአንድ ተቋም ውስጥ ተነሥቶ የሚያልቅ ስላልሆነና ካርዱ የእነሱ የሆነ ሕሙማንና አስታማሚዎችም ሊያውቁት ስለሚገባ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ካርድ ሲገመገም የሚታየው ቅጹ መሞላቱ፣ ቀኑ መጻፉና ፊርማው መኖሩ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ሕመምተኛውን አይቶት የማያውቅ ባለሙያ ያንን ካርድ ብቻ ይዞ ሕክምናውን ያለ አደጋ መቀጠል ይችል እንደሆነ እንዲመረመር እጠይቃለሁ።

በሌላው የሕክምና ክፍል ካርዱ ቢጎድልም የሚያካክሰው ነገር አይጠፋም። የተሰበረን አጥንት ራጅ እንደገና ያሳየዋል፤ የደም ስኳርም በደቂቃዎች ውስጥ ይለካል። በአእምሮ ሕክምና ግን ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በምን እንደተባባሰና በየትኛው መድኃኒት እንደበረደ የሚያስረዳ የላቦራቶሪ ወረቀት የለም። ያለን ማስረጃ ሕመምተኛው የተናገረው፣ አስታማሚው ያስተዋለውና ባለሙያው ያየው ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ለሚቀጥለው ሐኪም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕመሙ በጸናበት ጊዜ ሕመምተኛው የቀድሞ ታሪኩን አስተካክሎ ላይናገር ይችላል። አስታማሚም ይለዋወጣል፤ ባለፈው ወንድሙ የነገረንን ዛሬ ይዛው የመጣችው አክስቱ አታውቀውም። በመካከል ሳይለወጥ የሚቆየው ካርዱ ብቻ ነው።

አሁን ያለው ግምገማ ጥቅም የለውም አልልም። የወሩ ሪፖርት ከመዝገብ ጋር እየተመሳከረ ትክክለኛነቱ የሚለካበት፣ ኤልኪውኤኤስ የምንለው አሠራር ቁጥሮቻችን እንዲታመኑ ረድቷል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ማድረጉም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ልኬት የሚያረጋግጥልን 40 ሕሙማን ታዩ ተብሎ ሪፖርት ከተደረገ በመዝገቡም ላይ 40 መኖራቸውን ነው፤ አርባዎቹ እንዴት እንደታዩ ከዚያ አናገኝም። ካርዱን ራሱን የሚመለከተው ክሊኒካል ኦዲትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመራው «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ በሚመለስ ቅጽ ነው። የካርድ ቁጥር አለ፣ ዕድሜና ጾታ አለ፣ የሕመሙ ስም አለ፣ መድኃኒት ታዟል፣ ተፈርሟል፤ ካርዱ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ይመለሳል። ውስጡ ሲገለጥ ግን ከቀጠሮ ቀጠሮ «ኮንቲኒው ሴም» (ያው ሕክምና ይቀጥል) ከምትለው መስመር በቀር የሚነበብ የሌለበት ካርድ ብዙ ነው። ያቺ መስመር በተጻፈችበት ቀን ሕመምተኛው ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱን ትቶ ነበር? እንቅልፍ ያገኝ ነበር? እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር? ወይስ ጭራሹን ሳይመጣ ቀርቶ ወንድሙ የቀጠሮ ካርዱን ይዞ መድኃኒቱን ወስዶለታል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ እንድታዩልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዓመት በላይ በአካል ያልታየ ሰው በካርዱ ላይ ያለማቋረጥ ክትትል ያደረገ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ባዶ መስመር የሚያደርሰው ጉዳት ከመድኃኒት ጋር ሲያያዝ ጎልቶ ይወጣል። ለሚጥል ሕመምና ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዘውን ካርባማዜፒን የምትወስድ ሴት በክንዷ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ ካላት መድኃኒቱ የመከላከያውን ኃይል ያዳክመዋል። መከላከያውን የሰጣት በቀበሌዋ ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው፤ ካርባማዜፒኑን ያዘዘላት ደግሞ ከተማ ያለው ሆስፒታል ነው። ሁለቱን ሊያገናኛቸው የሚችለው «የወሊድ መከላከያ ትጠቀማለች ወይ?» ተብሎ ተጠይቆ ካርዷ ላይ የሚሰፍር መልስ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮት የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከባድ የአካል አፈጣጠር ችግር ይዘው ሊወለዱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ካርድ ላይ ቫልፕሮት ታዞ ስለ እርግዝና አንድም ቃል ካልተጻፈ፣ ቅጹ የቱንም ያህል ቢሞላ ያ ካርድ ጥራት አለው ሊባል አይገባም። ሊቲየምም በሚያድነውና በሚመርዘው መጠኑ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ በደም ውስጥ ያለው መጠን፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ውጤት መቼ ምን እንደነበር ተከታትሎ ማንበብ ካልተቻለ ሕክምናው በግምት የሚሄድ ይሆናል። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የፍሉፌናዚን ዲካኖኤት መርፌ ብንወስድ ደግሞ መርፌው መታዘዙ ይጻፋል፤ መወጋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መዝገብ ላይ ይሰፍራል ወይም ሳይጻፍ ይቀራል። ሕመሙ ያገረሸበት ሰው ሲመጣ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ነው ወይስ መርፌው ሳይደርሰው ቀርቶ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። መልሱ ባለመኖሩም መጠኑ ይጨመራል።

የሚጥል ሕመምን እዚህ የማነሣው በአገራችን ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ክትትላቸው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ የራሱ መልክ አለው። የጣና ዳር ወጣት ኑሮው በታንኳ ዓሣ ማጥመድ ሆኖ ሳለ ካርዱ ላይ በሥራ ቦታ «ገበሬ» ተብሎ ይጻፋል። ቅጹ ተሞልቷል፤ ገምጋሚውም «አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ይሁንና ውኃ ላይ ብቻውን የሚውል ሰው ሕመሙ በጣለው ጊዜ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው፤ ታንኳው ላይ ብቻውን እንዳይወጣ መመከሩን፣ ምክሩንም ቤተሰቡ መስማቱን ካርዱ አይናገርም። ለእናቶች ደግሞ አደጋው ምድጃው ነው። ሕመሙ ጥሏቸው እሳት ውስጥ የሚወድቁ ሰዎችን ጠባሳ ያላየ ባለሙያ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለው የሚለው ቁጥርም ካልተጻፈ ፊኖባርቢታሉ ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው ውሳኔ መነሻ የለውም። ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይና የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል መድኃኒቱ በመካከል ተቋርጦ እንደነበረ አለመጻፍም እንዲሁ ከባድ ጉድለት ነው።

መቋረጥን ካነሣን አይቀር፣ በካርዶች ላይ «ኖን ኮምፕሊያንት» (መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት የማይወስድ) የሚለው ቃል የሚጻፍበት መንገድ እጅግ ያሳስበኛል። ቃሉ ጥፋቱን ሕመምተኛው ላይ ጥሎ ምክንያቱን ይሸፍናል። ሰውየው መድኃኒቱን ያቋረጠው ጸበል ገብቶ ሱባኤ ላይ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የምታመጣው ጀልባ ስላልነበረች፣ መንገድ ስለተዘጋ፣ የመድኃኒት ቤቱ መድኃኒት ስላለቀ፣ ወይም የሚያስታምመው ሰው ስለሞተ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለያየ ነው። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብሮ እንዲወስድ ከእሱና ከአባቶች ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ይህን ለመነጋገር ግን በመጀመሪያ ሳይወቀስ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ወይም በረመዳን የሚጾም ሙስሊም መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓት መለወጡ አይቀርም። ሊቲየም የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ ለጉዳት ሊዳርገው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለሙያ ስለሆነ ግምገማው መድኃኒቱ መቋረጡ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም መጻፉን ይጠይቅ።

ቀንና ሰዓት ትንሽ ነገር ይመስላሉ። በእኛ ካርዶች ላይ ግን አንዱ ባለሙያ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል። 5/6/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ ጁን 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.? በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ተኝተው በሚታከሙት ላይ ደግሞ «8፡00» የሚል ትእዛዝ አንዷ ነርስ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላዋ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ብላ ልታነበው ትችላለች። ቢሮው በአንድ ገጽ ደብዳቤ አንዱ አቆጣጠር ብቻ በሁሉም ካርድ ላይ እንዲጻፍ ቢያዝ ይህ ችግር ዛሬውኑ መቃለል ይጀምራል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ አንድ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ሲጻፍ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ካርዱን ያጣዋል፤ «አልተገኘም፣ አዲስ ይውጣለት» ይባላል፤ አዲሱ ካርድ ሲወጣ ያለፈው የሕክምና ታሪክ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ከዓመታት በፊት የሕመምተኛውን ሰውነት አድርቆና አንገቱን አጣሞ የጣለው መድኃኒት እንደ አዲስ ሊታዘዝለት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ላይ ክልላችን ያለፈበትንና ያለበትን ሁኔታ መጨመር ይገባል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ ከመሣሪያውና ከመድኃኒቱ ጋር የሰዎች የሕክምና ታሪክም ለጉዳት ተጋልጧል። ከዚያም ወዲህ ከቦታቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡና የሚወስዱትን መድኃኒት ስም የማያውቁ ሕሙማንን እንቀበላለን። በእጃቸው አንዲት በደንብ የተጻፈች ወረቀት ቢኖር ኖሮ ብዙ ስቃይ በቀረላቸው ነበር። ስለዚህ የቀጠሮ ካርዱ ላይ የሕመሙ ስም ሳይገለጥ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀን በአማርኛ እንዲሰፍር ማድረግ፣ ይህም መሠራቱ በግምገማው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። ለሪፈርም እንዲሁ፤ ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የታከመ ሰው ሲመለስ ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ ግብረ መልስ ካርዱ ውስጥ መያያዙ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የተላከውም ግብረ መልሱ ወደ ጤና ጣቢያው መመለሱ ይጣራ። በአእምሮ ሕክምና ልዩ ሙያ ለሌላቸው የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤችጋፕ መመሪያ በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ አገራችን የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ስትደክም ቆይታለች። ጤና ጣቢያው የላከው ሰው ምን ሆኖ እንደቀረ የማይነገረው ከሆነ ግን ሥልጠናው በጊዜ ብዛት ይረሳል።

ሁለት ነገሮች ያለ ድርድር መነበብ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። ሕመምተኛው ተጠይቆ «የለኝም» ማለቱና ጭራሹን አለመጠየቁ ዛሬ በካርዱ ላይ ተመሳሳይ ባዶ ቦታ ሆነው ይታያሉ፤ ለሚቀጥለው ባለሙያ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ነው። ሌላው ሕመምተኛን ማሰር ወይም ያለ ፈቃዱ መርፌ መስጠት ነው። ለምን እንደተደረገ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተሞከረ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በመካከል ማን ሄዶ እንዳየው ካልተጻፈ የሰውን ክብር የነካ ድርጊት ያለ ተጠያቂ ያልፋል። ካርዱ ከሆስፒታል ውጭም እንደሚነበብ አንርሳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ስለ ወንጀል ኃላፊነት ሲደነግግ፣ ጥርጣሬ በሚኖርበት ጊዜ ፍርድ ቤት የባለሙያ ማስረጃ እንዲቀበል በአንቀጽ 51 አመልክቷል። በዚያ ችሎት ፊት የአንድ ሰው ነፃነት «ኮንቲኒው ሴም» በሚል መስመር ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ይህን ስጠይቅ የሥራ ባልደረቦቼን ጫና ረስቼ አይደለም። በሥራ ቀን ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ፣ አንድ የሳይካትሪ ነርስ ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት የሚጽፈው ማስታወሻ ረጅም ሊሆን አይችልም፤ ረጅም እንዲሆንም አልጠይቅም። አራት መስመር በቂ ነው፤ ዛሬ ማን መጣ፣ ምን ተለወጠ፣ መድኃኒቱ ምን ጎዳው፣ ምንና ለምን ወሰንን። ይልቁንም ባለሙያው ከክሊኒካዊ ሥራው እየተነጠቀ ደጋግሞ የሚሞላቸው ቅጾች እንዲቀነሱና ጊዜው ለእነዚህ መስመሮች እንዲተርፍ ቢሮው ሊያግዘን ይችላል። አንድ መራራ እውነትም ልናገር። ሱፐርቪዥን እንደሚመጣ ሲሰማ የጎደለ ካርድ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሞላበት ልማድ አለ። ይህ የሚሆነው ሰዎች ክፉ ሆነው ሳይሆን ግምገማው ነጥብ ስለሚሰጥና ነጥቡም ደረጃ ስለሚሆን ነው፤ ነገር ግን ከወራት በኋላ ከሐሳብ የተጻፈ ማስታወሻ ከባዶ ገጽ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ባዶው ገጽ ቢያንስ አይዋሽም። ነጥብና ማዕረግ እስካሉ ድረስ ይህን በቁጣ ደብዳቤ ማስቆም አይቻልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግምገማ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ካርዶቹ ከቀጠሮ መዝገብ በዕጣ ይመረጡ፤ ጥቂት ይሁኑ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ካርድ የአንድ ዓመት ክትትሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለት ባለሙያዎች ይነበብ፤ ከሁለቱም አንዱ ከሌላ ተቋም የመጣ ይሁን። አንባቢዎቹ ተለያይተው ካነበቡ በኋላ «ይህ ሰው ነገ እኔ ዘንድ ቢመጣ ምን አደርግለታለሁ?» የሚለውን እያንዳንዳቸው በጽሑፍ ይመልሱ። መልሳቸው ከተራራቀ ካርዱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ከዚያም ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ ካርዱን ከጻፉት ባለሙያዎች ጋር ፊት ለፊት ይወራበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በዚያው ክፍል ሌሎች ካርዶች ተመርጠው የተለወጠ ነገር መኖሩ ይታይ። ሕመምተኛው በራሱ አንደበት የተናገረው በፊደላችን እንዳለ እንዲጻፍ መፍቀድና ማበረታታትም የዚሁ አካል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሕሙማን ሐዘናቸውንና ፍርሃታቸውን የሚገልጹበት ቃል በሌላ ቋንቋ ባጭሩ ሲቀመጥ ብዙ ነገር ይጠፋል።

የምስጢር ጉዳይም አለ። የአእምሮ ሕመም ካርድ ከሌላው ይልቅ የሰውን ትዳር፣ ሥራና ስም ሊያጠፋ ይችላል፤ ካርዱ ግን በኮሪደር በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዳንዴም ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች አንዱ ያደርገዋል። ስለዚህ ገምጋሚዎች ካርድ ከተቋሙ እንዳያወጡ፣ በስልክ ፎቶ እንዳያነሡ፣ የሕሙማንን ስም በሪፖርታቸው እንዳይጠቅሱ አስቀድሞ ይደንገግ። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት ተቋም ደግሞ ማን ከፍቶ እንዳየው የሚያሳየው የሥርዓቱ መዝገብ እንዲፈተሽ፣ ያለፈውን ቀጠሮ ማስታወሻ ገልብጦ የመለጠፍ ልማድ ገና ሥር ሳይሰድ እንዲታይ አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም ቢሮው ይህን አሠራር በባሕር ዳር ከተማ ባሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችና ሕሙማን በሚልኩላቸው በጣና ዳር ጤና ጣቢያዎች በአንድ ሩብ ዓመት እንዲሞክረው፣ ሥራውን የሚመራ አንድ ክፍል በደብዳቤ እንዲሰይም፣ የንባብ መመሪያው ረቂቅም ከመጽደቁ በፊት ለባለሙያዎችና ለአስታማሚዎች ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረቂቁ ሲዘጋጅ ካርድ በማንበብም ሆነ አንባቢዎችን በማሠልጠን ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

በባሕር ዳር የሚሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለክልሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች
ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች የጥራት ክፍሎች
ለሕሙማንና ለአስታማሚዎች